የአሥራ አራት ቁጥር ልብ

አስከሬኑን መጀመሪያ ያየችው የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መወልወያዋን እየገፋች ስትገባ፣ ሰውየው ከተጠባባቂዎቹ አግዳሚ ወንበር አጠገብ ተንጋሎ ነበር። የተኛ መስሏት «ተነሥ እንጂ፣ ልወልውልበት» ብላ እግሩን በመወልወያው ነካ አደረገችው።

«እግዜር ይቅር ይበለኝ ጌታዬ፤ የሞተ ሰው በመወልወያ ነካሁ» አለችኝ።

«አላወቅሽም።»

«ባላውቅስ? እሱን እኮ ነው! ሰባት ቁጥርን!»

ስሙን አልጠራችም። በዚያ ክለብ ማንም ማንንም በስሙ አይጠራም። ፎጣው በቁጥር ነው፣ የውሃ ኮዳው በቁጥር፣ የጫማ ሣጥኑ በቁጥር። ሰባት ቁጥር ማለት ስድስት ዓመት ሙሉ ከተማው አፉን ከፍቶ ያየው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ቁመቱ ሁለት ሜትር ስለሚያልፍ አስከሬን የምንሸፍንበት ጨርቅ እግሩን አልሸፈነልንም፤ አንዱ ፖሊስ ጃኬቱን አውልቆ ጣለበት።

ከማጅራቱ በላይ ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ የወንበሩ ጠርዝ ላይ ትንሽ ደም አለ። ኮዳው አጠገቡ ተጋድሟል። ጫማ አላደረገም። የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ በነጭ ፕላስተር ጥንቅቅ ብሎ ታስሯል፤ ግራው ባዶ ነው። ማስታወሻዬ ላይ «አንድ እግሩ ታስሯል፤ የቆየ ጉዳት ይሆናል» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ። ሠላሳ ዓመት ከጻፍኩት ሁሉ ቀድጄ ብጥለው የምወደው መስመር እሱ ነው።

ገና ከአዳራሹ ሳልወጣ ኮማንደሩ ደወለ። ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ ሁለት ዲግሪ አለው፤ «አንተ» ነው የሚለኝ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው ወደ ፖሊስ የገባሁት። ቢሮ ውስጥ «ስምንተኛ» እያሉ እንደሚጠሩኝ የማላውቅ ይመስላቸዋል።

«ስማ አንተ፣ ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው። ከአቅምህ በላይ ከሆነ አሁኑኑ ተናገር።»

«አይደለም።»

«ሦስት ቀን።»

ስልኩን ዘጋው። እኔም በልቤ በሁለት ቀን አሳይሃለሁ አልኩ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

የበሩ ጥበቃ ወንበሩን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ተቀምጧል።

«ከጽዳቷ በፊት ማን ማን ገባ?»

«ሁለት ሰው። መሰላል አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሟቹ ለአንድ ሩብ ጉዳይ ላይ። መሰላል አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ተመልሶ ወጣ።»

«ሌላ በር የለም?»

«የሕክምና ክፍሉ የኋላ በር አለ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚወጣው። ቁልፉ ወጌሻው ጋ ነው። እሱ ደግሞ ሁለት ሰዓት ላይ ከቡድኑ ጋር ነው የሚመጣው።»

«መሰላል ማነው?»

«የዕቃ ክፍሉ ሠራተኛ ነዋ! አያውቁትም እንዴ? የድሮው ሰባት ቁጥር!»

አወቅሁት። ማን የማያውቀው አለ? ከሟቹ በፊት ያን ማሊያ የለበሰው እሱ ነው። የውጭ ክለብ ጠይቆት፣ ሻንጣውን ሊያስር ሲል ሐኪሞች ልብህ ታማለች፣ አንድ ጨዋታ ብትጨምር ትሞታለህ ብለዋል ተባለ። በሃያ ስምንት ዓመቱ አቆመ። ክለቡ አዝኖለት የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ሰጠው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሎች የሚያነጥሩትን ኳስ እየነፋ፣ የድሮ ቁጥሩ ያለበትን ማሊያ እያጠበ ኖሯል።

ጽዳቷ ደግሞ ሌላ ጨመረችልኝ። «መናገር ባልፈልግም ጌታዬ፣ ትናንት አመሻሽ ላይ ተጣልተዋል። መሰላል ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ትናንት ግን 'ስድስት ዓመት ማሊያዬን ለብሰህ!' ሲል ሰማሁት።»

ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? በአዳራሹ ውስጥ ከሟቹ ጋር ብቻውን የነበረ፣ ቂም ያለው፣ ማምሻውን የተጣላ። ከሰዓት በኋላ ይዤው ጣቢያ ገባሁ።

ወጌሻውን ያነጋገርኩት ለደንቡ ያህል ነው። ስድሳ ዓመት ያለፈው አጭር ሰውዬ ነው፤ እጆቹ ግን የሌላ ሰው ይመስላሉ፣ ትልልቅ። ያለቅስ ነበር።

«ልጄ ነበር» አለኝ።

«አንድ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ቤቴ።»

ጻፍኩት። አላጣራሁም።

የቡድኑ አምበል አጠገቡ ቆሞ ትከሻውን እየደባበሰ «አባቱ ነው በሉት» አለኝ። «በየታይም አውቱ የእጁን አንጓ ይዞለት ነው የሚቆመው። 'እናትህ እንኳን እንዲህ አታባብልህም' እያልን እንስቅ ነበር። አሰልጣኙንም 'ደክሞታል፣ አስወጣው' እያለ ሲጨቀጭቀው ነው የሚያመሸው።»

ወጌሻው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። የሐዘን መሰለኝ።

መሰላል ወደ ምርመራ ክፍል ሲገባ ጎንበስ ብሎ ነው፤ በሩ አይበቃውም። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ነገር ሁሉ ቀስ ብሎ ነው የሚያደርገው፤ እንቁላል በደረቱ ይዞ የሚሄድ ይመስላል።

«ጠዋት ምን ስታደርግ ነበር?»

«ኳስ ስነፋ። የመንፊያው ሞተር ይጮኻል፣ ምንም አልሰማሁም። ከዚያ ኪኒኔን ልወስድ ወደ ቤት ሄድኩ፤ ሰዓቱን አላሳልፍም።»

«በአዳራሹ አላለፍክም?»

«በኮሪደሩ ነው የምወጣው።»

«ትናንትስ? ምን ተባባላችሁ?»

እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አጋደማቸው፤ ግማሹን ሞሉት።

«ጽዳቷ ሰምታሃለች።»

«ጠየቀኝ» አለ። «ቁጥሬን የሰጠሁት ቀን መቼ እንደሆነ። ከዚያ በፊት ነው ወይስ...»

«ተወው!» ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁት። «ማሊያህን ለብሶ፣ ስምህን ወስዶ፣ ጭራሽ መጥቶ አላገጠብህ። አይደል?»

«የሚያላግጥብኝ መስሎኝ ነበር፣ አዎ። ግን...»

«ግን የለም! የሱ ልብ ጤነኛ፣ ያንተ የበሰበሰ። ይሄ ነው ያንገበገበህ።»

መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ። «ጌታዬ፣ አይጩሁብኝ። ድንጋጤ ክልክል ነው የተባልኩት።»

እኔ ግን ጮኽኩ። በሩ ክፍት ነበር፤ ኮማንደሩ በኮሪደሩ ሲያልፍ እንዲሰማኝ ፈልጌ ነው።

በማግስቱ እህቱ መጣች። ታላቁ ናት፤ እሷም ረጅም ናት፣ ቁመቷን ግን አጎንብሳ ደብቃዋለች። በወረቀት የተጠቀለለ ኪኒን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። በሞቴ፣ እንዳይረሱት።»

«ከየት ነው የምታመጡት?»

«የክለቡ ወጌሻ ናቸው የሚሰጡት፣ በየወሩ። አንድም ቀን አላጓደሉም፤ ለሱ የሚሆን ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።» ዓይኗን ከኪኒኑ ላይ አላነሣችም። «እርስዎ ልጅ አለዎት?»

«ሁለት።»

«እኔ የለኝም። ሊያገባኝ የመጣውን ሰው መልሼዋለሁ፤ ርቆ ነበር የሚኖረው። ሌሊት ሌሊት ትንፋሹን የሚያዳምጥለት ማን አለ? እንደሱ ያለ ሰው ነው ሰው ገደለ የሚባለው? በደረጃ ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ ሁለቴ እኮ ነው የሚያርፈው። ሬዲዮው ከተናገረ ወዲህ ጎረቤት ሰላምታ ነሥቶኛል።»

ለሬዲዮው የነገርኩት እኔ ነኝ። አልነገርኳትም።

እሷ እንደወጣች ግን ዓይኔ ኪኒኑ ላይ ቀረ። የልብ ኪኒን! ጤነኛ ሰው በብዛት ቢጠጣው ልቡን ያቆመዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ኮዳው አስከሬኑ አጠገብ ነበር፤ ኮዳዎቹን የሚሞላው ደግሞ ማነው? የዕቃ ክፍሉ። ኮዳውንም ኪኒኑንም ወደ ላቦራቶሪ ላክሁ፤ ያን ቀን እያፏጨሁ ነው ቤቴ የገባሁት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መልሱ መጣ። ኮማንደሩ በሰው ፊት አነበበው።

«ውሃው፣ ውሃ ነው። ኪኒኑ፣ ቫይታሚን ነው።» ቀና ብሎ አየኝ። «ምን ብለህ ልትከስ ነው አንተ? ሟቹን በቫይታሚን አወፍሮ ገደለው ብለህ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከኋላ «ስምንተኛ ላይ ኬሚስትሪ የለም እንዴ?» አለ። እኔም ፈገግ ያልኩ መሰልኩ።

ከዚያ ወደ አስከሬን መርማሪዋ ሐኪም ሄድኩ፤ ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። እጇን እየታጠበች አነጋገረችኝ።

«ማንም አልመታውም። ጭንቅላቱ የተፈነከተው ሲወድቅ ነው። የገደለው ልቡ ነው። ግድግዳው የአውራ ጣቴን ያህል ወፍሯል። አብሮት የተወለደ በሽታ ነው።»

«ስድስት ዓመት እኮ ተጫውቷል!»

«እኔም የገረመኝ እሱ ነው። አንድ ጊዜ የልብ ምርመራ ያደረገለት ሰው እንዴት ያልፈዋል?» ፎጣውን አንሥታ ቀጠለች። «ደግሞ ቶሎ የደረሰለት ሰው ቢኖር ይተርፍ ነበር። አዳራሹ ውስጥ የልብ ማስነሻ ማሽን አለ አይደል? በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቢያደርጉለት አሁን ከኔ ጋር አይሆንም ነበር።»

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሣ ተቀመጥኩ። ጤነኛ የተባለው ልቡ ታሞ ሞቷል። ታማሚ የተባለው ቫይታሚን ይሰጠዋል። ለልብ በሽተኛ ቫይታሚን የሚሰጥ ሰው ወይ ሊገድለው ፈልጓል፣ ወይ በሽተኛ እንዳልሆነ ያውቃል። ሊገድለው ቢፈልግ ደግሞ ስድስት ዓመት አይጠብቅም።

ወደ ጣቢያ ተመልሼ መሰላልን አስጠራሁት። በሩን ዘጋሁ።

«ያን ቀን ያቋረጥኩህን ጨርስልኝ።»

«የቱን?»

«'ከዚያ በፊት ነው ወይስ' ብለህ ነበር።»

«ከምርመራው በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ነው ያለኝ። ቁጥሬን የሰጠሁት። ያኔ ማሽን አዳራሹ ድረስ አምጥተው ሁላችንንም በአንድ ቀን ነው የመረመሩን። ከዚያ በሳምንቱ የክለቡ ፕሬዚዳንት ጠራኝና 'አዲሱ ልጅ ሰባት ቁጥር ይፈልጋል፣ አንተ ልትሄድ ነው፣ ስጠው' አለኝ። ሰጠሁት። የሱን አሥራ አራት እኔ ወሰድኩ። የምርመራው መልስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

ሲናገር ፊቱን አየሁት። የተናገረው ምን እንደሆነ አልገባውም ነበር። እኔ ገብቶኛል።

ፎቶውን አወጣሁለት፣ የሟቹን እግሮች።

«አንድ እግር ብቻ ማሰር አለ?»

«የለም! ወጌሻችን ቀኙን ያስራል፣ ከዚያ ግራውን። አንዱን ብቻ ካሰሩት ተጫዋቹ ወደዚያ ያጋድላል ይላሉ።» ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «ይሄ ደግሞ የሳቸው እጅ ነው። የፕላስተሩ ጫፍ እጥፍ ብሏል አይደል? ስንነቅለው ጥፍራችን እንዳይሰበር ብለው ነው። ሌላ ማንም እንዲህ አያደርግም።» ቀና አለ። «ጠዋት እዚያ ነበሩ እንዴ?»

ፎቶውን ተቀብዬው ወጣሁ።

ወጌሻው የአምበሉን እግር እያሰረ ነበር። የሕክምና ክፍሉ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ቀኙን አሰረ፣ ጫፏን አጠፋት። ግራውን አሰረ፣ ጫፏን አጠፋት። አምበሉ ዘሎ ወርዶ ወጣ።

«ያቺን ግራ እግር ለምን ሳይጨርሷት ተዉ?» አልኩት።

ፕላስተሩን አስቀመጠ። አልካደም። ለመካድ እንኳን የደከመው ሰው ይመስል ነበር።

«እኔ ነኝ ወረቀቶቹ ላይ የጻፍኩት» አለ። «የምርመራው ቀን። ሐኪሙ ቸኩሏል፤ አሥራ አምስት ተጫዋች ተሰልፏል። ስም ይረዝማል። ቁጥር ጻፍኩ፤ ሁልጊዜም እኛ ቁጥር ነው የምንጽፈው። መልሱ ሲመጣ 'አሥራ አራት ቁጥር ከእንግዲህ መጫወት የለበትም' ይላል። ያን ጊዜ አሥራ አራት የለበሰው መሰላል ነው። ሄጄ ነገርኩት። በዚህ አፌ።»

«መቼ አወቁ?»

«በዓመቱ፤ ወረቀት ስለይ ቀኑን አየሁት። ቁጥር ከመለዋወጣቸው በፊት ነው።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«ዋንጫ በልተን ነበር። ከተማው ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ነበር። የመሰላልን ቦታ ሌላ ሰው ይዞታል። ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ፣ ጨዋታ ይመጣል። ነገ እላለሁ፣ ሌላ ጨዋታ ይመጣል። በየታይም አውቱ የልቡን ምት እየቆጠርኩ ነበር እኮ! ለመሰላልም መድኃኒቱን በቫይታሚን ለወጥኩለት፤ ጤነኛ ልብ እንዳልጎዳ ብዬ።»

«ደግ ነዎት» አልኩት።

«የዚያን ዕለት ለብቻዬ እሠራለሁ ብሎ በጠዋት ጠራኝ፤ በኋላ በር ገባሁ። ቀኝ እግሩን ጨርሼ ግራውን ልይዝ ስል፣ ለውጭ ክለብ ብሎ ሌላ ሐኪም ዘንድ እንደሄደና ልብህ ታማለች እንደተባለ ነገረኝ። 'የድሮ ወረቀቴን አሳየኝ' አለኝ። ጠፍቷል አልኩት። ዓይኔን አየውና ተነሣ። 'ለመሰላል ልነግረው ነው፤ ትናንት ማስረዳት አቅቶኝ ነበር' ብሎ ወጣ። አንደኛው እግሩ ሳይታሰር። ከወንበሩ ጋ ሲደርስ ወደቀ።»

«እርስዎስ?»

እጆቹን አየ።

«መጀመሪያ ወደ ወረቀት ሣጥኑ ሮጥኩ። ሰው ይመጣል፣ ወረቀቱን ያዩታል ብዬ። ፈልጌ አገኘሁት። ስመለስ የአንጓውን ምት ፈለግሁ። የለም።»

«ማሽኑስ?»

ወደ ግድግዳው አመለከተኝ። የልብ ማስነሻው ከወረቀት ሣጥኑ ልክ በላይ ተሰቅሏል። ሣጥኑን ሲከፍት ግንባሩ ሳይነካው አይቀርም።

ወረቀቱን አልቀደደውም። ከደረት ኪሱ አወጣና ሰጠኝ። ቀኑም፣ አሥራ አራት የሚለውም በራሱ እጅ ተጽፏል። ከአዳራሹ የምትነጥር ኳስ ድምፅ እየመጣ ካቴናውን አሰርኩለት። እነዚያ ትልልቅ እጆች ምንም አልታገሉኝም።

ለሬዲዮው መግለጫ የሰጠው ኮማንደሩ ነው። «በተቀናጀ ሳይንሳዊ ምርመራ» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር። ያን ቀን ግን ሬዲዮውን ዘግቼ መሰላልን ልፈታ ሄድኩ።

ስነግረው አላመነኝም። ወረቀቱን አሳየሁት፤ ወረቀት አላምንም አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህ በመኪናዬ የልብ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም፤ መርምሮት ሲጨርስ እየሳቀ ደረቱን መታ መታ አደረገው።

«የፈረስ ልብ ነው ያለህ! ምን ሆንኩ ብለህ መጣህ?»

«ያኔስ?» አለው መሰላል። «የዛሬ ስድስት ዓመት?»

«ያኔም ይሄው ነው። እንዲህ ያለ ልብ ታሞ አያውቅም።»

መሰላል ጀርባውን ሰጥቶት ሸሚዙን ቆለፈ። ሐኪሙ ደስ ያለው ሰው ስላልመሰለው ግራ ተጋብቶ እኔን አየኝ።

መኪና ውስጥ ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ይነካ ነበር። ከሰፈራቸው ስንደርስ ነው የጠየቀኝ።

«ሊነግረኝ ነበር የመጣው፣ አይደል? ያን ማምሻ።»

አይደለም ብል ይሻል ነበር ይሆናል። «አዎ» አልኩት።

«አባረርኩት።»

እኔም አንተን አቋርጬሃለሁ፣ ለአለቃዬ እንዲሰማ ብዬ ጮኼብሃለሁ ልለው ፈለግሁ። ከአፌ አልወጣም። እሱም የሚጠብቅ አይመስልም ነበር።

«እርስዎ ይንገሯት» አለኝ። «እህቴን። እኔ በምን አፌ?»

ደረጃውን ወጣሁ። በሩን የከፈተችው ከማንኳኳቴ በፊት ነው፤ ኮቴዬን ስትሰማ ቆይታ ይሆናል። ብቻዬን መሆኔን አየች፤ የበሩን እጀታ ጨበጠች።

«ሞተ?»

«አልሞተም። ታች ነው፣ መኪና ውስጥ።»

«ታመመብኝ?»

«የለም። ጤነኛ ነው። ድሮም ጤነኛ ነበር።»

ቆሜ ነገርኳት፤ ይግቡ አላለችኝም። ቁጥሩን፣ ወረቀቱን፣ ወጌሻውን፣ ሐኪሙ ዛሬ ያለውን። እልል የምትል መስሎኝ ነበር። ወይ የምታለቅስ። እሷ ግን እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና የልጅ ጥያቄ የሚመስል ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ስድስቱንም ዓመት?»

«ስድስቱንም።»

ወደ ደረጃው አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች፤ ወንድሟ እየወጣ እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ ነው። ማንም አልነበረም። እንደዚያም ሆኖ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኔስ ታዲያ?» አለችኝ።